ሳይለካ የማይፈታ፦ አዳማ ላይ ለፈጣን መኪና መካኒክ አፈላለግ

«ቱርቦው ሞቷል» አለኝ። ኮፋኖው ገና አልተከፈተም ነበር።

የቆምነው ጋራዡ በር ላይ ነው። መኪናዬ አምስተኛው ትውልድ ጎልፍ ጂቲአይ ናት፤ ባለ 2.0 ሊትር ቱርቦ። (ቱርቦ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ እየላከ ጉልበት የሚጨምር መሣሪያ ነው።) ከአንድ ቀን በፊት ከአዲስ አበባ ስመለስ ጉልበቷ ድንገት ጠፋ። ነዳጅ እረግጣለሁ፣ እሷ ግን እንደ ቪትዝ ታዘግማለች። (የቪትዝ ባለቤቶች ይቅር በሉኝ።) የሞተር መብራቱም በራ። ይህንኑ ለሰውየው ነገርኩት። ሰማኝና ፈረደ። ያገለገለ ቱርቦ ከአዲስ አበባ አስመጣልሃለሁ ብሎ ቀብድ ጠየቀኝ። ከፈልኩ። ቱርቦው መጣ፣ ተገጠመ። መኪናዋ ማዝገሟን ቀጠለች።

ችግሩ ምን እንደነበር ወደ ታች እነግራችኋለሁ። ዋጋው ከቱርቦው ጋር ሲተያይ የሚያስቅ ነበር። እኔን ግን አላሳቀኝም።

ከዚያ ወዲህ መካኒክ ስፈልግ የማየው አንድ ነገር ነው፦ ሳይለካ የማይፈታ ሰው ነው ወይ? ጨዋ፣ ርካሽ፣ ፈጣን መሆኑ ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ከታች ያለው እንደዚያ ዓይነት ሰው አዳማ ውስጥ ያገኘሁበት መንገድ ነው። ነገሩ የቅንጦት አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። እጃችሁ ላይ ያለችው ቱርቦ ሱባሩ ወይም ባለ 6 ሲሊንደር ቢኤምደብሊው ብትሞት ሌላ ማምጣት ቀላል አይሆንም። ያለችዋን መጠበቅ ነው።

1. መጀመሪያ መኪናችሁን እወቁ

መካኒኩን ከመፈተናችሁ በፊት እናንተ ፈተናውን እለፉ። የሞተሩን መለያ ኮድ፣ የሻንሲ ቁጥሩን፣ ፋብሪካው የሚጠይቀውን የዘይት ደረጃ ወረቀት ላይ ጻፉና ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ አስቀምጡ። ለምሳሌ የእኔዋ መመሪያ ቪደብሊው 502.00 የተባለውን ደረጃ የሚያሟላ ዘይት ይጠይቃል። ጀሪካኑ ላይ 5ደብሊው40 ተጽፎ ማየት አይበቃም። ያ የዘይቱን ውፍረት ይናገራል እንጂ ደረጃውን አይናገርም። ይህን ልዩነት የማያውቅ ባለቤት ዘይት ሲመረጥለት ዝም ብሎ ከማየት ሌላ ምርጫ የለውም።

የቆዩ ሥራዎችንም መዝግቡ። ባለ 6 ማርሽ ዲኤስጂ (ማርሹን ራሱ የሚቀይር የቮልስዋገን) ካምቢዮ ከሆነ ዘይቱና ፊልትሮው በየ60,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል። ቱርቦ ሱባሩ ከሆነች ደግሞ የታይሚንግ ቺንጊያው መቼ እንደተቀየረ እወቁ። እነዚያ ባለ ቺንጊያ ሞተሮች ላይ ቺንጊያው ከተበጠሰ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ፤ ያኔ ወሬው ስለ ሰርቪስ መሆኑ ቀርቶ ስለ ሞተር ይሆናል። መኪናዋን በደላላ ከገዛችሁ «ሰርቪሷ የተሟላ ነው» የሚለውን እንደ ሰላምታ ቁጠሩት። ሰላምታ ነው፣ መረጃ አይደለም።

2. ትክክለኛውን ሰው ጠይቁ

አዳማ የመካኒክ ድሃ አይደለችም። አይሱዙ ዓይኑን ጨፍኖ አውርዶ የሚሰቅል ሰው ሞልቷል። ኮሮላና ሃይሉክስ ላይ ደግሞ እጅ የሚያስቆረጥሙ አሉ። ግን ቱርቦ ቤንዚን ሌላ ጠባይ አለው። የኮሮላ ጎበዝ ለእናንተ መኪና ጎበዝ ነው ማለት አይደለም። ይህን እሱም ያውቀዋል፤ ደህናው ሰው ራሱ ይነግራችኋል።

ስለዚህ የእናንተን ዓይነት መኪና የያዘ ሰው ፈልጉ። እኔ ብዙዎቹን ያገኘኋቸው ቅዳሜ ጠዋት ላቫጆ ላይ ነው። መኪናውን የሚወድ ሰው ሲታጠብለት ቆሞ ያያል። ቀረብ ብላችሁ አውሩ። ታዲያ «ጎበዝ መካኒክ ታውቃለህ?» አትበሉ። ለዚህ ጥያቄ ሁሉም ሰው «አዎ፣ የአክስቴ ልጅ» ይላል። ይልቅ መጨረሻ ምን ተበላሽቶባት እንደነበር ጠይቁት። መካኒኩ ችግሩን በምን አወቀው? ለዚያው ችግር ስንት ጊዜ ተመለስክ? ሦስተኛው መልስ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያጣራል።

ዕቃ ሻጮችም ብዙ ያያሉ። ማን ትክክለኛውን ዕቃ በቁጥር ጠርቶ እንደሚገዛ፣ ማን «አይሆንም» ብሎ በየሳምንቱ እንደሚመልስ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ችግሩ ኮሚሽን አለ። ስለዚህ የማይተዋወቁ ሁለት ሻጮች ጠይቁ። ሁለቱም አንድ ስም ካነሱ ያንን ስም ያዙት።

ሌላም መንገድ አለ። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መነሻው የድሮው ናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ነው። ከተማው ውስጥ ሙያውን በትምህርት ያገኙ ሰዎች አሉ። ዲግሪ ቡሎን አያጠብቅም፣ ልክ ነው። ነገር ግን የኤሌክትሪክ መስመር ሥዕል አንብቦ የሚከተል ሰው ለዘመናዊ መኪና ወርቅ ነው።

3. መኪናዋን ቤት ትታችሁ ሂዱ

መኪናዋን ይዛችሁ ከገባችሁ ደንበኛ ናችሁ። ደንበኛ ፊት ሁሉም ሰው ሸሚዙን ያስተካክላል። በባጃጅ ሄዳችሁ ጥግ ላይ ከቆማችሁ ግን ማንም አያያችሁም፤ እናንተ ግን ታያላችሁ። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ረፋዱ ላይ፣ ሥራው በተጧጧፈበት ሰዓት ሂዱ።

መጀመሪያ የተፈታ ሞተር ፈልጉ። አዳማ ነፋሻ ናት። አጠገቧ ኮረብታው ላይ ያ ሁሉ የንፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ለጌጥ አይደለም። ንፋሱ ደግሞ ብቻውን አይመጣም፣ አቧራ ይዞ ነው። ቴስታታው የወረደ ሞተር አፉን ከፍቶ ግቢ ውስጥ ካደረ አቧራው ሲሊንደሩ ውስጥ ይገባል። ከዘይት ጋር ሲደባለቅ ግድግዳውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ቱርቦ ላይ ደግሞ የባሰ ነው። ውስጡ ያለው ቅጠል በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። አንዲት ጠጠር ትበቃዋለች። ስለዚህ የተከፈተ ሞተር ካያችሁ ቀዳዳዎቹ በንጹሕ ጨርቅ ተደፍነዋል? ላዩ ላይ ላስቲክ ወይም ሸራ አለ? ካለ ጥሩ። ከሌለ ባጃጁ ገና አልራቀም።

ቀጥሎ ቡሎኖቹን እዩ። የተፈቱት የት ነው የተቀመጡት? አንድ ባልዲ ውስጥ የሦስት መኪና ቡሎን ተዘርግፎ ካያችሁ የእናንተም እዚያው ነው የሚገባው። እኔ በመጨረሻ ያገኘሁት ሰው ዘንድ ያየሁትን አልረሳም። ያገለገለ የብስኩት ካርቶን ላይ የሞተሩን ክዳን ቅርጽ በእስክሪብቶ ሥሏል። በየቦታው በሚስማር ቀዳዳ አበጅቷል። እያንዳንዱ ቡሎን ከሞተሩ በወጣበት ቦታ ካርቶኑ ላይ ተሰክቷል። ረጅሙም አጭሩም በቦታው። አንዱ ቀዳዳ ባዶ ነበር፤ አጠገቡ «ተቆርጧል፣ ለባለቤቱ ተነግሯል» ተብሎ ተጽፏል። ያን ካርቶን ሳይ ስሙን እንኳ አልጠየቅኩም ነበር። ልቤ ግን ገብቷል።

ቶርክ ሬንች፣ ቡሎን በተለካ ኃይል የሚያጠብቀው ቁልፍ፣ አለ ወይ? አለ ከተባላችሁ የት እንዳለ እዩ። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ የጠጣ ከሆነ ጌጥ ነው። የሚሠራበት ሰው ዘንድ እጀታው በዘይት ጠቁሯል፤ ሲያስቀምጠውም ስፕሪንጉ እንዳይደክም ወደ ዝቅተኛው ቁጥር ይመልሰዋል።

ልጆቹን እዩ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። አብዛኛውን ቡሎን የሚያጠብቀው ጌትዬው አይደለም፣ ረዳቱ ነው። ረዳቱ ሲሳሳት ጌትዬው ምን ያደርጋል? እየተሰደበ የሚሠራ ልጅ ቡሎን ሲቆርጥበት ይደብቃል። እየተነገረው የሚሠራ ልጅ ግን ሮጦ ያሳያል። ልዩነቱን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

ታፔላውን እርሱት። «የቢኤምደብሊው፣ የመርሴዲስ፣ የአውዲ ስፔሻሊስት» ብሎ መጻፍ የቀለም ዋጋ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ነው ነገሩ። ከታፔላው ይልቅ ግቢው ጥግ ላይ ጎማቸው ተንፍሶ የተኙ መኪኖችን ቁጠሩና «እነዚህ ምን ሆነው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ባለቤቱ ውጭ ነው» ለአንዱ ያስኬዳል። ለአምስቱ አያስኬድም።

4. ሻይ ይዛችሁ ጠይቁ

ፈታኝ መምህር አትምሰሉ። ሙያተኛ ሲፈተን ይከፋዋል፤ ልክም ነው። ሻይ ይዛችሁ እንደ ወሬ አንሡት።

እኔ የምወደው ጥያቄ ስለ ኮምፕሬሽን፣ ፒስተኑ አየሩን ስለሚጨምቅበት ግፊት ነው። ምክንያት አለኝ። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ሞተሩ የሚስበው ስስ አየር ስለሆነ የኮምፕሬሽን ጌጁም ዝቅ ብሎ ያነባል። መጽሐፉ 12 ባር የሚለው ጤነኛ ሞተር እዚህ 10 ገደማ ቢያሳይ አይገርምም። ይህን የማያውቅ መካኒክ ጤነኛ ሞተር ለክቶ «ሪንጉ አልቋል፣ ይውረድ» ሊላችሁ ይችላል። ሞተር ማውረድ ደግሞ ለእሱ ሥራ ነው።

ካርቶን ላይ ሥዕል የሚሥለውን አዛውንት እንዲህ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ኮምፕሬሽን ሲለኩ ስንት ሲሆን ነው ደህና ነው የሚሉት?»

ሻያቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ የመጽሐፉ ቁጥር የባሕር ዳርቻ ቁጥር ነው። እኔ የማየው አራቱ እርስ በርስ ይቀራረባሉ ወይ የሚለውን ነው። አራቱም 10 ከሆኑ ሂድና ንዳ። ሦስቱ 10 ሆነው አንዱ 7 ከሆነ ግን ያ አንዱ ታሟል።»

ከዚህ በላይ መልስ የለም።

ሁለተኛው ጥያቄ ከራሳችሁ ሞተር የታወቀ ደካማ ጎን ይሁን። የእኔ ጎልፍ ላይ የቤንዚኑ ከፍተኛ ግፊት ፓምፕ በካምሻፍቱ (ቫልቮቹን በሚከፍተው ዘንግ) የሚገፋው በአንዲት ትንሽ የብረት ኩባያ በኩል ነው። ኩባያዋ እየተበላች ትሄዳለች። ጥቁር ሽፋኗ ተልጦ ብረቱ መብራት ሲጀምር መቀየር አለባት። ካልተቀየረች ትበሳና ካምሻፍቱን ይዛ ትሄዳለች። ለማየት ሦስት ቡሎን ፈትቶ ፓምፑን ማንሣት ነው። ይህን ሞተር የሚያውቅ ሰው «ኩባያዋን መቼ አየሃት?» ብሎ ራሱ ይጠይቃችኋል። ካልጠየቀ አልገጠመውም ማለት ነው። አለመግጠም ወንጀል አይደለም፤ ግን በእናንተ መኪና እየተማረ እንደሆነ እወቁ፣ ዋጋውም እንደዚያው ይሁን።

ሦስተኛው፦ «የማያውቁት ነገር ሲገጥምዎት ምን ያደርጋሉ?» «እኔ የማላውቀው የለም» ካለ ሻያችሁን ጨርሱና ሂዱ።

5. ትንሽ ሥራ ስጡ

አንድ ዘይትና ፊልትሮ መቀየር። ወይም ካንዴላ። ከዚያ በላይ አይሁን። ቆማችሁ እዩ፣ አትናገሩ።

ዘይቱን ራሳችሁ ገዝታችሁ፣ ማሸጊያው ያልተነካ መሆኑን አይታችሁ ሂዱ። ስትወጡ ባዶውን ጀሪካን ይዛችሁ ውጡ። ኦሪጅናል ጀሪካን መልሶ የሚሞላ አይጠፋም።

መኪናዋን ሲያነሣ የት ላይ ነው ክሪኩን የሚያስገባው? ማንሻው ቦታ ላይ ነው ወይስ ያገኘበት? ክሪክ ላይ ብቻ በተንጠለጠለች መኪና ሥር ረዳቱን የሚልክ ሰው ለልጁ ነፍስ ያልተጠነቀቀ ነው፤ ለእናንተ ቱርቦ አይጠነቀቅም። የፈሰሰውን ዘይት አይቶ የብረት ብናኝ ፈልጓል? የማፍሰሻዋን ቡሎን በእጁ ነው መጀመሪያ ያስገባት ወይስ በቀጥታ በቁልፍ? ሲጨርስ ሞተሩን አስነሥቶ፣ አጥፍቶ፣ ጥቂት ጠብቆ ነው ዘይቱን የለካው?

ጎማ የሚፈታበት ሥራ ከሆነ አንድ ነገር ብቻ እዩ። የጎልፍ ጎማ ቡሎን የሚጠብቀው በ120 ኒውተን ሜትር ነው። ቁልፉ ላይ ወጥቶ በእግሩ የሚረግጥ ሰው ካያችሁ መልሱን አግኝታችኋል። ጎሚስታ ሲረግጥ ዝም እንላለን፤ መካኒክ ሲረግጥ ግን አይባልም።

6. ኮድ ፍርድ አይደለም

አሁን ወደ እኔ ጉድ። ቱርቦው ተቀይሮም ችግሩ ሳይወገድ ሲቀር መኪናዋን እኒያ አዛውንት ዘንድ ወሰድኳት። ላፕቶፑን የሚይዘው ልጃቸው ነው፤ እሳቸው አጠገቡ ቆመው ያያሉ። የሞተሩ ኮምፒውተር የመዘገበው የብልሽት ኮድ ፒ0299 ነበር። ልጁ ኮዱን ከማጥፋቱ በፊት በስልኩ ፎቶ አነሣው። ይህን ልብ በሉ። መጀመሪያ አጥፍቶ ቆይቶ የሚያስብ ብዙ ነው።

ፒ0299 ማለት የቱርቦው ግፊት ከሚጠበቀው በታች ነው ማለት ነው። «ቱርቦው ሞቷል» አይልም። ግፊት ሊጎድል የሚችለው ቱቦ ተቀዶ፣ ማሰሪያ ላልቶ፣ ቀጭን የቫኪዩም ቱቦ ተሰንጥቆ ወይም ዌስትጌቱ (ትርፍ ጭስ ቱርቦውን አልፎ እንዲሄድ የሚከፈተው በር) ሳይዘጋ ቀርቶ ነው። ቱርቦው ራሱ የመጨረሻው ተጠርጣሪ ነው።

ጋሼ መጀመሪያ ጠየቁኝ። «መቼ ነው የምትደክመው? ስትቀዘቅዝ ወይስ ስትሞቅ? ዳገት ላይ ወይስ ሜዳ ላይም?» ከዚያ ልጃቸው አጠገቤ ተቀምጦ ወጣን። ላፕቶፑ ላይ ሁለት መስመር ይታያል። አንዱ ኮምፒውተሩ የጠየቀው ግፊት፣ ሌላው ሞተሩ ያገኘው። ነዳጅ ስረግጥ የመጀመሪያው መስመር ይወጣል፤ ሁለተኛው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

ተመለስን። ጋሼ የውኃ ቧንቧ ክዳን አመጡ፣ መሐሉ ላይ የጎማ መንፊያ ቫልቭ የተሰካበት። ራሳቸው የሠሩት ነው። የአየር መሳቢያው ቱቦ ላይ አሰሩት፣ በኮምፕሬሰር ጥቂት አየር ሰጡት። ከዚያ የኦሞ ውኃ በብሩሽ እየቀቡ ቱቦውን ሁሉ ተከተሉ። መገጣጠሚያ በመገጣጠሚያ። አንድም አረፋ የለም።

«ወደ ውጭ አያመልጥም» አሉ። «እንግዲህ ውስጥ ለውስጥ ነው የሚዞረው።»

መኪናዋን አንሥተው ሥሯ ገቡ። ቱርቦው ሆድ ላይ ያለችውን ትንሽ ቫልቭ የያዟትን ሦስት ቡሎኖች ፈቱ። ነዳጅ ስንለቅ ግፊቱን ወደ ኋላ የምትመልሰው እሷ ናት። ወጡና መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ውስጧ ያለው ስስ ላስቲክ እንደ ተቀደደ ፊኛ ተንጠልጥሏል። ቱርቦው ግፊት ይሠራል፣ ግፊቱ በቀዳዳው ወደ ኋላ ይመለሳል። በዚህ ሞተር ላይ የታወቀ ችግር ነው። የመጀመሪያው ሰውዬ ቱርቦውን ሲቀይር ይህቺኑ የተቀደደች ቫልቭ ከአሮጌው ነቅሎ አዲሱ ላይ መልሶ ገጥሟታል።

ስለዚህ ምርመራ ስታሠሩ የምትጠብቁት ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ኮዱ ይነበባል፣ ይመዘገባል፣ ትጠየቃላችሁ፣ ይለካል፣ ከዚያ ይፈታል፣ የተበላሸው መዳፋችሁ ላይ ይቀመጣል። የማንበቢያው ዓይነትም ይጠይቃል። ሁሉንም መኪና አነባለሁ የሚለው ርካሹ ብሉቱዝ የሞተር ኮድ ያወጣል እንጂ ካምቢዮና ኤርባግ ውስጥ እምብዛም አይገባም። ለቮልስዋገን ቪሲዲኤስ፣ ለቢኤምደብሊው ኢስታ፣ ለመርሴዲስ ዜንትሪ ያለው ሰው ሌላ ነው። ግን መሣሪያው አያስብም። ላፕቶፕ አይታችሁ ብቻ አትደንግጡ።

7. ገንዘብና ዕቃ

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ወረቀት ይኑር። የደብተር ቅጠል ይበቃል። ምን እንደሚሠራ፣ የእጅ ዋጋው፣ የዕቃው ዋጋ ለየብቻ፣ ተጨማሪ ነገር ከተገኘ ሳይደወል እንደማይነካ። የወጣው አሮጌ ዕቃም ለእናንተ እንደሚመለስ ጻፉ። አሮጌውን ዕቃ ወስዳችሁ ምንም ባታደርጉበት እንኳ፣ እንደምትወስዱት ማወቁ ብቻ ሥራ ይሠራል።

ዕቃው አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። ያገለገለ ከሆነ ከመርካቶ፣ ከሶማሌ ተራ። በስም አታዙ። «የጂቲአይ ቱርቦ» ብላችሁ ብትልኩ ለጎልፍ የሚመስል ነገር ሁሉ ይመጣል። የሻንሲ ቁጥሩንና ዕቃው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ፎቶ አንሥታችሁ ላኩ። ያገለገለ ቱርቦ ስትረከቡ ዘንጉን በጣታችሁ ያዙ። ወደ ጎን ጥቂት ቢንቀሳቀስ ችግር የለም፤ ዘይት ሲገባ ይሞላዋል። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ከተንቀሳቀሰ ወይም ቅጠሉ ግድግዳውን የነካበት ጭረት ካለ መልሱት።

አንድ ነገር ልናገር። የእጅ ዋጋ ላይ እንደ ቲማቲም አትከራከሩ። በእጁ ዋጋ መኖር ያቃተው መካኒክ በዕቃው ላይ ነው የሚያተርፈው፤ በዕቃው የሚያተርፍ ሰው ደግሞ ብዙ ዕቃ ቢቀየር አይጠላም። ግማሽ ቀን ለክቶ «ምንም መቀየር የለበትም፣ ማሰሪያ ነው የላላው» ያለኝን ሰው የግማሽ ቀን ዋጋ ከፍዬዋለሁ። ከከፈልኳቸው ሁሉ ርካሹ እሱ ነው።

ላፕቶፕ ይዞ መጥቶ በአንድ ሰዓት 50 የፈረስ ጉልበት ልጨምርልህ የሚልም ይመጣል። ማደያዎቻችን ላይ ኦክቴኑ 95 ነው 98 ነው ተብሎ ቤንዚን አይመረጥም። የተቀዳውን ነው የምንነዳው። ቱርቦ ሞተር ላይ ግፊትና ማቀጣጠያ ጨምሮ በዚያ ቤንዚን፣ በአዳማ ቀትር ሙቀት መርገጥ ፒስተንን መለመን ነው። ሰውየው ስለ ቤንዚኑ ሳይጠይቃችሁ ስለ ፈረስ ካወራ የፈረስ ነጋዴ ነው።

8. ስትረከቡ

ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ሂዱ። ሞቆ የሚጠብቃችሁ ሞተር የጠዋት ድምፁን ደብቋል። ራሳችሁ አስነሡት፤ ኮፋኖው ተከፍቶ ይሁን።

ከዚያ መካኒኩን አጠገባችሁ አስቀምጡና ውጡ። መጀመሪያ ከተማ ውስጥ በዝግታ። ቀጥሎ ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ፤ መንገዱ በጥቅሉ ሽቅብ ስለሆነ ቱርቦና ራዲያተር እውነቱን የሚናገሩት እዚያ ነው። ሰሌዳው ከሚለው ፍጥነት አትለፉ። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ከዝቅተኛ ዙር ቀስ እያላችሁ ብትረግጡ ለግፊት ፈተናው ይበቃል። ስትመለሱ ወዲያው አታጥፉ፤ ቱርቦው እንዲበርድ አንድ ደቂቃ ያህል ትንፈስ። ሥሯን በባትሪ እዩ። በሳምንቱ ዘይቱን ለኩ።

9. ወደ አዲስ አበባ መቼ?

የዲኤስጂ ካምቢዮ ዘይት ልክ የሚታየው ዘይቱ ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ሲሞቅ ነው፤ ሙቀቱም በኮምፒውተር ይነበባል። ይህን ማድረግ የማይችል ሰው «እስኪፈስ ልሙላው» ካለ እምቢ በሉ። የካምቢዮ ኮምፒውተርና የቁልፍ ፕሮግራም ለመሳሰለው ሥራ ደህናው መካኒክ ራሱ «ይሄን አዲስ አበባ ውሰደው፣ እገሌ ጋ» ይላል። ይህን ሲል ሥራ ያጣ ይመስላል። እኔ ቀሪውን ሥራ ሁሉ ለእሱ ነው የሰጠሁት።

የሞተር መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ግን እንዳትነዱ። ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ካታላይዘሩ (ጭሱን ወደሚያጣራው ዕቃ) እየሄደ ነው፣ ያቃጥለዋል። አስጭናችሁ ላኩ።

10. ሲሳሳት

ይሳሳታል። ሁሉም ይሳሳታል። እኔን አንድ ጊዜ የሞተር ሽፋኗን መያዣ ሰብረውብኛል፤ ሳላየው ራሳቸው አሳዩኝ፣ ከእጅ ዋጋው ቀነሱ። አለቀ።

ሌላ ቀን የአየር ቱቦ አስቀይሬ ወደ ቤት ገባሁ። ምሽት ሁለት ሰዓት አለፍ ሲል ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ናቸው።

«ልጄ፣ መኪናዋን እንዳታስነሣት። የታችኛዋን ማሰሪያ ያጠበቅኳት አልመሰለኝም።»

ነገ ጠዋት አያለሁ ብላቸው እምቢ አሉ። በባጃጅ መጡ፣ አንድ ካቻቢቴና የእጅ ባትሪ ይዘው። በቱታቸው ሳይሆን በጋቢያቸው። ደጄ ላይ ካርቶን አንጥፈው ሥሯ ገቡ። ጥቂት ቆይተው ወጡና እጃቸውን በካርቶኑ ጠረጉ።

ማሰሪያዋ ጠብቃ ነበር። ሻይ ጠጥተው ሄዱ።